ነፍሰ ጡር ሆኜ የመስከረምን ማስነጠስ እንዴት እንዳለፍኩት

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ ሳላቋርጥ 11 ጊዜ አስነጠስኩ። የቆጠረው ባለቤቴ ነው። አማቴ የመጀመሪያዎቹን 3 ጊዜ «ይማርሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ትኩሳት ይፈልጉ ጀመር። ትኩሳት አልነበረኝም። የነበረኝ የሚያሳክክ ዓይን፣ እንደ ቧንቧ የሚፈስ አፍንጫና የ3 ወር ፅንስ ነው።

ይህን የምጽፈው መስከረም በመጣ ቁጥር አፍንጫዋ ለሚያስቸግራትና አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ለሆነች እህት ነው። «ምን ልውሰድ? ምንስ ልተው? በዓሉን ቤት ተዘግቼ ልዋል እንዴ?» ብላ የምትጨነቅ ካለች ጭንቀቷን አውቀዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ የደረሰብኝንና ሐኪሜ ያስረዳችኝን ነው። ስለ ራሳችሁ የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ።

ችግሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ከሃይስኩል ጀምሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ያስነጥሰኛል። ቤተሰቡ ሁሉ «ሳይነስ አለባት» ይላል፤ እኔም ለሰው የምናገረው እንደዚያ ነበር። በየዓመቱ የሆነ ኪኒን ገዝቼ እውጥና ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይለቀኛል። ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም። ከወቀስኩም የምወቅሰው አደይ አበባን ነበር።

ያን ዓመትም እንደ ልማዴ በበዓሉ ማግስት ሰፈራችን ወዳለ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። «ጉንፋን ነገር ይዞኛል» አልኩት። ነፍሰ ጡር መሆኔን አልተናገርኩም። ሆዴ ገና አልታየም፤ ከቤተሰብ ውጪ ለሰውም አልነገርንም ነበር። እሱም አልጠየቀኝም። የሰጠኝን ኪኒን 2 ቀን ዋጥኩ። አፍንጫዬ ትንሽ ተከፈተ፤ ልቤ ግን እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር፤ ሌሊቱን ዓይኔ ፈጦ አደረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ የኪኒኑን ማሸጊያ መስኮት አጠገብ ይዞ አነበበና ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ሱዶኤፌድሪን የሚባል ነገር እንዳለበትና በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት እንደማይመከር ያወቅነው ያኔ ነው።

ያን ጠዋት ያለቀስኩትን አልረሳውም። ቀጠሮዬ ገና ነበር፤ ሳልጠብቅ የእርግዝና ክትትል ወደማደርግበት ጤና ተቋም ሄድኩ። ሐኪሟ ማሸጊያውን አገላብጣ አየችው። «አይዞሽ» አለችኝ። «2 ቀን ስለወሰድሽ ልጅሽ ይጎዳል ማለት አይደለም። ግን ድጋሚ እንዳትነኪው።» ይህ መድኃኒት አፍንጫን የሚከፍተው የደም ሥሮችን በማጥበብ እንደሆነ አስረዳችኝ። ልቤን ያስመታውም፣ እንቅልፌን የወሰደውም፣ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገውም ይኸው ጠባዩ ነው።

ቀጥላ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀችኝ። ያሳክክሻል? ዓይንሽ ያለቅሳል? ንፍጡ ውሃ ነው ወይስ ወፍራም? ፊትሽን ስትጫኚው ያምምሻል? ያሳክከኛል፣ ያለቅሳል፣ ውሃ ነው፣ አያመኝም አልኳት። እንግዲያውስ ይህ አለርጂ ነው አለችኝ። ሳይነስ ቢሆን ፊትና ግንባር ላይ ሕመም፣ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ንፍጥ፣ አንዳንዴም ትኩሳት ይኖር ነበር። አንድ ሌላ ነገርም አለ። እርግዝና ራሱ በሆርሞን የተነሳ አፍንጫን ያፍናል። ያኛው ግን ብዙ ጊዜ ማሳከክና የዓይን ዕንባ የለውም፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት 2 ሳምንታት ገደማ በራሱ ይጠፋል። እኔ ዘንድ ሁለቱ ተደራርበው ነበር። የዚያ ዓመቱ ከሌላው ጊዜ የባሰብኝ ለዚህ ነው።

አደይ አበባን በከንቱ ስወቅስ እንደኖርኩም ያወቅኩት እዚያው ነው። የሚያስነጥሰኝ የአበባ ብናኝ ነው። ደማቅ አበባ ያላቸው ተክሎች ግን ብናኛቸውን የሚያመላልሱላቸው ንብና ሌሎች ነፍሳት ናቸው። ብናኙ ከበድ ያለና የሚጣበቅ ስለሆነ አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ ካላሸተታችሁት በቀር ብዙም አይደርስባችሁም። ሣር ግን ንብ አይጠራም። ብናኙን ለነፋስ ይሰጠዋል። ክረምቱን ሙሉ የጠጣው ሣር የሚያብበው ደግሞ ዝናቡ ቀነስ ሲል፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። አበባው ስለማያምር ማንም ልብ አይለውም። ከሐኪሟ ስመለስ ከግቢያችን አጥር ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወገቤ ድረስ የደረሰ ሣር ነበር። ጫፉን በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ዱቄት ያለ ነገር ብን አለ። ወዲያው አስነጠስኩ።

ባለቤቴ ያንኑ ሳምንት አሳጨደው። እኔ በሚታጨድበት ቀን ከቤት ወጥቼ እህቴ ጋ ዋልኩ። የሚታጨድ ሣር አጠገብ መቆም ከሁሉ የባሰ ነው።

የበለጠ የከበደኝ ቤት ውስጥ ያለው ነበር። በመስከረም የእኛ ቤት ያለ ቄጠማና ያለ ዕጣን አይታሰብም። ቄጠማው ከጣና ዳር እርጥቡ ይመጣል፣ ይጎዘጎዛል፤ ፍም ላይ ዕጣን ይደረጋል፤ ቡናው ይቆላል። ሁሉም የምወደው ነው። ግን ዕጣኑ በተጨሰ በ5 ደቂቃ ውስጥ ጉሮሮዬ ይከረክረኛል። ጢስ የአበባ ብናኝ አይደለም። ነገር ግን ያበጠ አፍንጫን ይቆሰቁሰዋል፤ በተዘጋ ቤት የሚጨስ ጢስና ከሰል ደግሞ ለነፍሰ ጡርም ለፅንሱም ጥሩ አይደለም። ይህን ለአማቴ እንዴት ልበል? ሁለት ቀን አሰብኩበት። በመጨረሻ ባለቤቴን አስቀድሜ፣ «እማዬ፣ ሐኪሟ እንዲህ ብላኛለች» አልኳቸው። ከእኔ ሳይሆን ከሐኪም ሲመጣ ቀለል ይላል። አማቴ ማጨሻውን አንስተው በረንዳ ላይ አወጡት። «ጢሱ ለፈጣሪ ይድረስ እንጂ አንቺ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክወልድ ድረስ ዕጣኑ የሚጨሰው በረንዳ ላይ ነበር። ቡናውም በር ተከፍቶ ይፈላል።

የባህል መድኃኒቱን ነገር ግን አጥብቄ መከላከል ነበረብኝ። ማስነጠሴን ያየ ሁሉ «ምች ነው» ይላል። አንዷ ጎረቤት ዳማከሴ ጨምቃ አመጣችልኝ። ሌላዋ ጤና አዳም በብዛት አፍልቼ እንድጠጣ መከረችኝ። «አንድ መርፌ ተወጊና ይለቅሻል» ያለችኝም አለች። ሁሉም በፍቅር ነው። ሐኪሟን ስጠይቃት ጤና አዳም ማሕፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል በእርግዝና እንዳልጠጣው ነገረችኝ። መርፌው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል፣ እብጠትንና አለርጂን የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ ለማስነጠስ ተብሎ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ለጎረቤቶቼ «ሐኪሜ ከልክላኛለች፣ እግዜር ይስጥልኝ» ማለትን ተማርኩ። ማንም አልተቀየመኝም።

ታዲያ ምን ጠቀመኝ? ከሁሉ በፊት የጨው ውሃ። ሲወራ ተራ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከኪኒኑ እኩል ሠርቶልኛል። ውሃውን 5 ደቂቃ አንተከትከውና ክዳን ገጥሜ አቀዘቅዘዋለሁ። ለብ ሲል ለሩብ ሊትር ግማሽ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው እጨምራለሁ። ሳይፈላ የቧንቧ ውሃ ወደ አፍንጫ አይገባም፤ በዚህ ቀልድ የለም። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው የ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ገዛሁ። መታጠቢያው ላይ ጎንበስ እላለሁ፣ ራሴን ወደ ጎን አዘነብላለሁ፣ አፌን ከፍቼ «አ» እያልኩ ከላይ ባለው ቀዳዳ በቀስታ እገፋለሁ። ውሃው በሌላኛው በኩል ይወጣል። የመጀመሪያው ቀን አስፈራኝ፤ የሰጠምኩ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ለመድኩት። የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ወይ ጨው በዝቷል ወይ ውሃው ቀዝቅዟል። መሥራት የማይመቻት ከመድኃኒት ቤት ኖርማል ሳላይን ገዝታ መጠቀም ትችላለች። ስሪንጁን በየቀኑ በፈላ ውሃ አጥቡት።

መድኃኒትን በተመለከተ ሐኪሟ ያለችኝ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ለልጄ ብዬ ችዬው ልደር አትበይ። እንቅልፍ ማጣትና በአፍ ሲተነፍሱ ማደርም ይጎዳል።» በእርግዝና ብዙ ጊዜ ጥቅም ላይ ውለው ጉዳት ያልታየባቸው የአለርጂ ኪኒኖች አሉ፤ ሎራታዲንና ሴትሪዚን ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ለእኔ ያዘዘችልኝ ሎራታዲን 10 ሚሊግራም፣ በቀን 1 ጊዜ ነው። ክሎርፌኒራሚን የሚባለው የቆየው ኪኒንም አለ፤ እሱ ግን ያስተኛል፣ ቀን ሥራ ለምትውል አይመችም። አፍንጫዬ መዘጋቱን ስላልተወ ከሳምንት በኋላ ቡዴሶናይድ የሚባል የአፍንጫ ስፕሬይ ጨመረችልኝ። ከአፍንጫ ስፕሬዮች ውስጥ ለነፍሰ ጡር ብዙ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። ወዲያው አይሠራም፤ ቀናት ይፈልጋል። ሲነፋም ጫፉ ወደ አፍንጫ መሃል ግድግዳ ሳይሆን ወደ ጆሮ በኩል ይዞራል። በቀኝ እጅ የግራውን፣ በግራ እጅ የቀኙን ቀዳዳ ብትነፉ ራሱ ይስተካከላል። ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ነስሮኝ ነበር። እርግዝና በራሱም የአፍንጫን ደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ነስር ቶሎ ይመጣል። ያኔ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል 10 ደቂቃ ሳይለቁ መያዝ ነው። ወደ ኋላ መንጋለል አይረዳም።

አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱትን ጠብታዎች ግን ተጠንቀቁ። ዛይሎሜታዞሊን ያለባቸው ናቸው። ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰዱ አፍንጫው እነሱን ካላገኘ አልከፈትም ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ከእነሱ ለመላቀቅ ወር ፈጅቶባታል።

አሁን ወደ ደመራው ልምጣ። ስወድ ያደግኩት በዓል ስለሆነ መቅረቱን አልፈለግኩም። አራተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ ሆዴም ብቅ ማለት ጀምሯል። ሐኪሟም «ሂጂ፣ ግን አስበሽ ሂጂ» አለችኝ።

ጠዋቱን ቤት ዋልኩ። የሣር ብናኝ የሚበረታው ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ሲደርቅ ነው፤ ነፋስና ደረቅ ቀን ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የክፍሌን መስኮት ዘጋሁ። ሎራታዲኔን ከቁርስ ጋር ወሰድኩ። ከመውጣቴ በፊት አፍንጫዬን በጨው ውሃ አጠብኩና በአፍንጫዬ ቀዳዳ ዙሪያ ስስ ቫዝሊን ተቀባሁ። ብናኙ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እዚያ ይጣበቃል። ማስክ አደረግኩ፣ በላዩ ነጠላዬን ተጣፋሁ። ሰው ሁሉ በነጠላ ስለተሸፈነ ማስኩ ከሩቅ አይታይም፤ ማፈሬም ቀረልኝ። ጥቁር መነጽርም አደረግኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ውሃ፣ ሶፍት፣ ዳቦና አንድ ሞዴስ ያዝኩ። ሞዴሱ ለምን እንደሆነ ነፍሰ ጡር የሆነች ታውቃለች። በኃይል ሲያስነጥስ ጥቂት ሽንት ያመልጣል። ብዙ እናቶች ላይ የሚደርስ ነገር ነው፣ አትሸማቀቁ።

ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ በባጃጅ ወደ ባሕር ዳሩ መስቀል አደባባይ ሄድን። መሃል አልገባንም። ግፊያው ለሆዴም አያመችም፣ ጧፍና ዕጣኑም እዚያ ነው። ከዳር፣ ሣር ከሌለበት አስፋልት ላይ ጥላ ፈልገን ቆምን። ያልጠበቅኩትን ነገር የተገነዘብኩት እዚያ ነው። በፀሐያማ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነው። በጣና በኩል ክፍት የሆነ ቦታ ላይ ፊቴን ወደ ነፋሱ አዙሬ ስቆም ያስነጠሰኝ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ወደ ውስጥ፣ ባዶ ቦታዎቹ በሣር ወደተዋጡበት መንገድ ስንገባ ግን ወዲያው ጀመረኝ። ከዚያ ወዲህ የምቆምበትን የምመርጠው ከየት እንደሚነፍስ አይቼ ነው።

አንዴ ጠንከር ያለ ማስነጠስ መጣብኝ። ከሆዴ በታች፣ በቀኝ በኩል፣ ገመድ የተሳበ ያህል ጎተተኝ። ልጄ የተጎዳ መስሎኝ ደነገጥኩ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት «ጎንበስ በይ ልጄ፣ ሆድሽን ደግፊው» አሉኝ። እጃቸውን በወገቤ አዞሩልኝ። ሐኪሜም በኋላ ያረጋገጠችልኝ ይህንኑ ነው። የሚጎትተው ማሕፀንን የያዘው ጅማት ነው፤ ፅንሱ በውሃ ውስጥ ስለተቀመጠ ማስነጠስ አይጎዳውም። ማስነጠሱ ሲመጣ ከወገብ ጎንበስ ብሎ ሆድን በእጅ መደገፍ ሕመሙን ይቀንሰዋል። ማስነጠስን አፍኖ መያዝ ግን አይገባም።

ከ1 ሰዓት ተኩል በላይ አልቆየንም። ቤት እንደገባሁ ነጠላዬንና ቀሚሴን በር ላይ አውልቄ ወደ ማጠቢያ ወረወርኩ። ፀጉሬን ጭምር ታጠብኩ። ይህን የምትተዉ ከሆነ ቀኑን ሙሉ የለፋችሁበት ከንቱ ነው፤ ብናኙን ፀጉራችሁ ላይ ይዛችሁ ትራስ ላይ ትተኛላችሁ። አንሶላና ልብስም በዚያ ወር ውጭ ገመድ ላይ አላሰጣም ነበር። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ይደርቃል፤ ይዘገያል፣ ግን ያዋጣል።

የሰፈራችን ደመራ ሲለኮስ ወርጄ አልዞርኩትም። ከበረንዳችን ሆኜ አየሁት። ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚወድቅ ያያል፤ እኔ ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ አየሁ። ንግሥት እሌኒም መስቀሉ የተቀበረበትን ያወቀችው በጢሱ ነው ይባላል። የዚያ ቀን ጢስ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደልኝ። ባለቤቴ ወርዶ ከአመዱ አምጥቶ ግንባሬ ላይ መስቀል ሠራልኝ። ያን ሌሊት 2 ትራስ ደርቤ፣ በግራ ጎኔ ተኝቼ እስኪነጋ አልነቃሁም።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። አስም ያለባችሁ ነፍሰ ጡሮች «ለልጄ ይከብዳል» ብላችሁ ኢንሄለራችሁን እንዳታቋርጡ። የእናት ትንፋሽ ሲያጥር ለፅንሱ የሚደርሰው ኦክስጅንም ያጥራል። አስም ባይኖርባችሁም ደረታችሁ ሲር ሲር ካለ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ከፍ ያለ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ልጁ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ እንቅስቃሴው ከቀነሰ በዓል ነው ብላችሁ አታሳድሩት። ያኔውኑ ሂዱ። መድኃኒት ቤት ስትገቡም ከሁሉ በፊት «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ይህን ያህል ወር ሆኖኛል» በሉ፤ የሰጧችሁንም ከመዋጣችሁ በፊት ማሸጊያውን አንብቡ።

ልጄ በሰላም ተወለደ። በቀጣዩ መስከረም እያጠባሁት ነበር። ሐኪሟ ሎራታዲን ለምታጠባ እናትም ይሆናል አለችኝ። ስፕሬዩን ግን ያን ጊዜ ማስነጠሱ እስኪጀምር አልጠበቅኩም። ከነሐሴ መጨረሻ፣ ሣሩ ሳያብብ ጀመርኩት። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አማቴ ልጁን አቅፈው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። አንዴ አስነጠስኩ። «ይማርሽ» አሉኝ፤ ሁለተኛ አልደገመኝም።